የቆሽት ካንሰር ተገኘ ሲባል፦ በሰሜን ሸዋ ያሉ ሕሙማንና ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከይፋት፣ ከአንኮበርና ከደብረ ብርሃን ዙሪያ በሪፈር ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ቤተሰቦች «የቆሽት ካንሰር ነው» የሚለውን ቃል ከሰሙ በኋላ ሐኪሙ የሚናገረው ቀሪው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጆሯቸው ውስጥ አይገባም። ወደ ቤት ሲመለሱ የሚያስታውሱት «ምንም አይደረግለትም» የሚለውን ብቻ ይሆናል፤ ሐኪሙ ግን ምናልባት ያለው «ቀዶ ሕክምና አይደረግለትም» ነው። በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው ስለዚህ ልዩነት የተጻፉ ናቸው። የሚያክመውን ሐኪም ምክር ግን አይተኩም።

ቆሽት የት የሚገኝ አካል ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?

ቆሽት ከጨጓራ ኋላ፣ ከአከርካሪው ፊት ለፊት አግድም ተጋድሞ የሚገኝ፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሰውነት ክፍል ነው። ሁለት ዋና ዋና ሥራዎች አሉት፤ አንደኛው ምግብን፣ በተለይም ቅባትን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን አመንጭቶ ወደ ትንሹ አንጀት መላክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኢንሱሊንን ጨምሮ የደምን ስኳር የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን ወደ ደም መልቀቅ ነው። ሐኪሞች ራስ፣ አካልና ጅራት ብለው ይከፍሉታል። ይህን አከፋፈል ቤተሰብም ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቱቦ አንጀት ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፈው በቆሽቱ ራስ በኩል ነውና። በራሱ ላይ የበቀለ ዕጢ ቱቦውን ተጭኖ ዓይንን ቢጫ ስለሚያደርግ ቀደም ብሎ የመታወቅ ዕድል አለው፤ በአካሉ ወይም በጅራቱ ላይ የበቀለው ግን ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል።

የአባባ ዓይን ቢጫ ሲሆን ሁሉም «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ሥር ቢጠጡም አልተሻላቸውም። ይህ ከካንሰሩ ጋር ይገናኛል?

በጣም ሊገናኝ ይችላል። በእኔ እምነት በአካባቢያችን ለዚህ ሕመም ውድ የሆነው ጊዜ በአብዛኛው የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቶት ነው ተብሎ ሥር ይማስለታል፣ ቅጠል ይቀጠቀጥለታል። በቫይረስ ምክንያት የሚመጣ የጉበት መቆጣት፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚሻል መድኃኒቱን የሰጠው ሰው ፈወሰ ይባላል፤ ዝናውም ከመንደር መንደር ይሄዳል። ነገር ግን ቢጫነት ራሱ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። የጉበት መቆጣት፣ ወባ፣ በሐሞት ቱቦ ውስጥ የተቀረቀረ ጠጠርና የቆሽት ራስ ካንሰር ሁሉም ዓይንን ቢጫ ሊያደርጉ ይችላሉ።

የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል፣ ሰገራ ቀለሙን ለቅቆ ይነጣል፣ ሰውነትም ያሳክካል። ይህ ማሳከክ ቀላል አይደለም፤ መዳፍንና የውስጥ እግርን ሳይቀር እየያዘ ሌሊት ላይ ስለሚብስ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲነጋም ክንድና ጭን ላይ የጥፍር ሰንበር፣ አንሶላው ላይ ደግሞ የደም ነጠብጣብ ይታያል። ቤተሰቡ አለርጂ መስሎት ቅባት እየገዛ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በተለይ ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ ሰው ያለ ምንም ሕመም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሕመም የለውም ተብሎ መዘናጋት አይገባም፤ በዚያው ሳምንት የጉበት የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ሊደረግለት ይገባል። አንዳንድ ሥራ ሥሮች ጉበትን የሚጎዱ ስለሆኑ ታማሚው የወሰደው ነገር ካለም ሳይፈራ ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ሐኪሙም ሲሰማ ሊቆጣው አይገባም።

ከቢጫነት ሌላ ምን ምልክቶች አሉት? ለምንስ ዘግይቶ ይታወቃል?

የሆድ የላይኛው ክፍል ሕመም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ በጀርባ ሲተኙ የሚብስና ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ትንሽ ፋታ የሚሰጥ ከሆነ ያጠራጥራል። ምግብ መጥላት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቅባት ያለውና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰገራ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ስኳር ሳይኖር በጎልማሳነት ድንገት የመጣ የስኳር በሽታ፣ አንዳንዴም በአንድ እግር ላይ የደም መርጋት የሚያስከትለው እብጠት ይታያል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከጨጓራ ሕመም ጋር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ሰው የጨጓራ መድኃኒት እየተሰጠው ወራት ያሳልፋል፤ ለዚህ ታማሚውን ወይም አስታማሚውን መውቀስ ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም ሕመሙ በየትኛውም አገር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ምን አመጣባቸው? ንዴት ነው? ወይስ መጠጥ?

«በርስት ሙግት ቆሽቱ ሲያርር ስለኖረ ነው» የሚል ንግግር በጠያቂ አፍ ይሰማል፤ የተጣላው ወንድምም ይህን ሰምቶ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው ጥፋተኝነት ይሰማዋል። ንዴትና ኀዘን ሰውን እንደሚጎዱ እውነት ነው፤ የቆሽት ካንሰር ያመጣሉ የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። የሰው ዓይን ወይም የሰው እጅ ሥራም አይደለም።

በሚገባ የተረጋገጡት አጋላጭ ምክንያቶች ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የስኳር በሽታ፣ ሥር የሰደደ የቆሽት መቆጣትና በዘር የሚተላለፉ አንዳንድ የጂን ለውጦች ናቸው። አጫሽ ከማያጨስ ሰው ጋር ሲነጻጸር ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አረቄም ሆነ ሌላ መጠጥ በብዛትና ለዓመታት ሲወሰድ ቆሽትን በተደጋጋሚ ስለሚያስቆጣ በዚያ መንገድ አስተዋጽኦ ያደርጋል። ሆኖም አብዛኞቹ ታማሚዎች «ይህ ነው ያመጣው» የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝላቸውም፤ አንድም ቀን ሲጋራ ያልቀመሱ፣ ጠላ እንኳ የማይጠጡ እናቶች ይታመሙበታል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ከታማሚው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት፣ መጎራረስ፣ አብሮ መተኛትም ሆነ ልብሱን ማጠብ ምንም አያስፈራም።

በደም ምርመራ ብቻ ሊታወቅ አይችልም?

አይችልም። ሲኤ 19-9 የሚባለው የደም ምርመራ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለመከታተል ይረዳል እንጂ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ በሐሞት መዘጋት ብቻም ሊጨምር ይችላል፣ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ካንሰሩ እያለባቸው እንኳ ሰውነታቸው ይህን ንጥረ ነገር ጨርሶ አያመነጨውም። አልትራሳውንድ የሐሞት ቱቦ መስፋቱን ቢያሳይም ቆሽቱን ራሱን የሆድ ጋዝ ስለሚጋርደው ብዙ ጊዜ በደንብ አያየውም። ዋናው ምርመራ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ታግዞ የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው፤ ዕጢው የት እንዳለ፣ ዋና ዋናዎቹን የደም ሥሮች ነክቶ እንደሆነና ወደ ጉበት ተሰራጭቶ እንደሆነ የሚታየው በእሱ ነው። ሲቲ ስካኑ የተቀዳበትን ሲዲና የጽሑፍ ውጤቱን ታማሚው ይዞ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ሆስፒታል እንደገና እንዲነሣ ሊታዘዝ ስለሚችል ሁለቱንም ጠይቆ መውሰድ ያስፈልጋል።

ካንሰር በብረት ከተነካ ይበተናል ይባላል። ናሙና እንዲወሰድ እንፍቀድ?

ይህ ፍርሃት የመጣው ካንሰሩ ከተስፋፋ በኋላ ሆዳቸው ተከፍቶ ሳይነካ የተዘጋ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ስለሚያርፉ ይመስለኛል፤ የገደላቸው ግን መዘግየቱ እንጂ ብረቱ አይደለም። በቀጭን መርፌ ናሙና በመውሰድ ምክንያት ካንሰር የሚሰራጭበት አጋጣሚ እጅግ በጣም አነስተኛ ነው። ከናሙናው የሚገኘው ጥቅም ደግሞ ትልቅ ነው፤ አብዛኞቹ የቆሽት ካንሰሮች ኢንዛይም በሚያመላልሱት ቱቦዎች ሽፋን ላይ የሚነሡ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ግን ሆርሞን ከሚያመነጩት ሕዋሳት የሚነሡና ብዙውን ጊዜ ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ የእነዚህ ሕክምናም ተስፋም የተለየ ነው። ኬሞቴራፒ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ናሙና የግድ ያስፈልጋል። በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ለሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ ናሙና ላይወሰድ ይችላል፤ ዕጢው ከወጣ በኋላ ይመረመራል።

ይድናሉ? ምን ያህል ጊዜስ ይኖራሉ?

የዚህን ጥያቄ መልስ ማለስለስ ታማሚውን አይጠቅምም። የቆሽት ካንሰር ከከባዶቹ ካንሰሮች አንዱ ነው። በምርመራ በተገኘበት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችለው ከአምስት ታማሚዎች በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሱት ላይ ብቻ ነው። የሕክምና አቅርቦት ሰፊ በሆነባት አሜሪካ እንኳ በቅርብ ዓመታት አኃዞች መሠረት አምስት ዓመት የሚቆዩት ከ100 ታማሚዎች 13 ገደማ ናቸው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨ ከሆነ የሕክምናው ዓላማ ዕድሜን ማራዘምና ሥቃይን መቀነስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት እንዳሳየው፣ ካንሰሩ የተሰራጨባቸውና አቅማቸው ያልደከመ ታማሚዎች አራት መድኃኒቶችን ያጣመረ ኬሞቴራፒ ሲሰጣቸው አማካዩ ዕድሜ 11 ወር ገደማ ሲሆን፣ ጄምሲታቢን የሚባለው አንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ብቻ በተሰጣቸው ዘንድ 7 ወር ገደማ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች የብዙ ሰዎች ድምር ናቸው እንጂ የአንድ ሰው ቀጠሮ አይደሉም፤ ከአማካዩ በላይ የሚቆዩም በታችም የሚያርፉም አሉ። ሐኪሙን «ስንት ወር?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የከፋ ቢሆንስ ምን ያህል፣ የተሻለ ቢሆንስ ምን ያህል?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ የልጅ ሠርግ ወይም የመኸር ጊዜ ለሚጠብቅ ቤተሰብም ዕቅዱን እንዲያስተካክል ይረዳዋል።

ቀዶ ሕክምናው ምን ዓይነት ነው?

በቆሽት ራስ ላይ ላለ ዕጢ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1935 ባስተዋወቀው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በአለን ዊፕል ስም ይጠራል። የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦው ክፍል፣ አንዳንዴም የጨጓራ ጥቂት ክፍል ይወጣሉ፤ ከዚያም የቀሩት ከአንጀት ጋር እንደገና ይገጣጠማሉ። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ከባድ ሥራ ስለሆነ አዘውትሮ በሚሠራበት ሆስፒታል መደረጉ ውጤቱን ያሻሽለዋል፤ ቀዶ ሐኪሙን «ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ምን ያህል ጊዜ ትሠራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ካንሰሩ እንዳይመለስ ለመከላከል ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ኬሞቴራፒ ይሰጣል።

የኬሞቴራፒ ታማሚ በደብረ ብርሃን ብርድ ይቸገራል?

ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ከሚሰጡት ውስጥ ካለ አዎ፤ ደጋ ላይ የሚኖር ታማሚም ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ለቀናት ቀዝቃዛ ነገር መንካት የጣት ጫፍን ይወጋል፣ ያደነዝዛልም፤ ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት ወይም ቀዝቃዛ አየር መሳብ ደግሞ ጉሮሮን የመተናነቅ ያህል ይይዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ጠዋት ከቤት የወጣ ታማሚ የበሩን ብረት ሲይዝ እጁ ድንገት ሊሸማቀቅበት ይችላል። ጓንትና የአንገት ልብስ ማድረግ፣ ፊትንና እጅን በሞቀ ውኃ መታጠብ፣ የሚጠጣውን ሁሉ ለብ አድርጎ መስጠት፣ የጠዋት መንገድንም ፀሐይ እስክትወጣ ማቆየት ይረዳል። ስሜቱ በየዙሩ እየቆየ ከሄደ ወይም ቁልፍ መቆለፍ እስከማቃት ከደረሰ መጠኑ መስተካከል ስላለበት ለሐኪሙ ይነገር።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ትኩሳት ነው። ኬሞቴራፒ ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ኢንፌክሽን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሙቀት መለኪያ መኖር አለበት፤ ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ እስኪነጋ ሳይጠበቅ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ቀዶ ሕክምና አይሆንም ተባልን። ታዲያ ወደ ቤት ወስደን ማስታመም ብቻ ነው የቀረን?

አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባው ይህንን ነው። የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ከሆነ በአፍ በሚገባ የካሜራ መሣሪያ ስቴንት የሚባል ማለፊያ ቱቦ ሊገባለት ይችላል፤ ይህ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ሐሞቱ በሌላ መንገድ ወደ አንጀት እንዲወርድ ይደረጋል። ካንሰሩን አያጠፋውም፤ ነገር ግን ዓይኑ ይጠራል፣ ማሳከኩ ይተዋል፣ ምግብ ይጣፍጠዋል፣ ኬሞቴራፒ ለመጀመርም የሚያስችል አቅም ሊያገኝ ይችላል። የፕላስቲክ ስቴንት በሦስት ወር ገደማ የመደፈን ጠባይ ስላለው መቼ እንደሚቀየር ተጠይቆ ቀኑ መጻፍ አለበት። ስቴንት የገባለት ሰው ብርድ ብርድ ብሎት ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያተኩሰው ወይም ዓይኑ እንደገና ቢጫ ቢሆን ጉዳዩ ምች ወይም ወባ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የበላው ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ ዕጢው የአንጀቱን መግቢያ ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል ለዚህም መፍትሔ አለ። ሥቃይን፣ ማቅለሽለሽን፣ ጭንቀትንና እንቅልፍ ማጣትን የሚያስታግሰው ፓሊየቲቭ የሚባለው እንክብካቤ ሕክምና ሲያልቅ የሚጀመር ሳይሆን በሽታው በታወቀበት ቀን ከሌላው ሕክምና ጋር አብሮ ሊጀመር የሚገባው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህን አገልግሎት በታማሚዎች ቤት ጭምር ሲሰጥ ቆይቷል፤ በየሆስፒታሉም የፓሊየቲቭ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች እንዳሉ መጠየቅ ይገባል።

ሞርፊን ታዘዘላቸው። ሱስ አይሆንባቸውም? ሞታቸውንስ አያፋጥንም?

ለካንሰር ሥቃይ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ሞርፊን በትክክለኛው መጠን ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም፤ ሱስ ያስይዛል የሚለው ሥጋትም በዚህ ሁኔታ ላለ ሰው መድኃኒቱን የሚያስከለክል አይደለም። የቆሽት ካንሰር ሥቃይ ከጀርባ ያሉ ነርቮችን ስለሚነካ ፓራሲታሞል ብቻውን ላይበቃው ይችላል። ሞርፊን ሐኪሙ በወሰነው የሰዓት ልዩነት፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣል፤ «እስኪብስበት እንጠብቅ» ተብሎ ሲዘገይ ግን ሥቃዩን መልሶ ለመቆጣጠር የበለጠ መጠን ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንቀላፋትና ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይተዋል፤ የሆድ ድርቀቱ ግን ስለማይተው የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ መጠየቅ ያስፈልጋል። በልዩ ማዘዣ ወረቀት የሚሰጥ መድኃኒት ስለሆነ ከማለቁ በፊት ማሰብ ግድ ይላል።

ምን ይብሉ? ጾሙንስ እንዴት ያድርጉ?

ሦስት ጊዜ ሙሉ ማዕድ ከማቅረብ ይልቅ በትንሽ በትንሹ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ መስጠት ይሻላል። እንቁላል፣ እርጎ፣ ወተት፣ የምስር ሾርባ፣ አጥሚት፣ የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ የበግ መረቅ ሁሉም ይሆናሉ፤ የሚጠላውን በግድ ማጉረስ ግን ታማሚውንም አስታማሚውንም ያስለቅሳል። ሰገራው ቅባት የበዛበት፣ የሚሸትና የሚንሳፈፍ ከሆነ ቆሽቱ ኢንዛይም አላመነጨም ማለት ሊሆን ስለሚችል በካፕሱል መልክ የሚሰጥ የቆሽት ኢንዛይም እንዲታዘዝ ይጠየቅ፤ የሚዋጠውም ከምግብ በፊት ወይም በኋላ ሳይሆን ከምግቡ ጋር ነው። ማርና ስኳር ካንሰሩን ይመግባሉ ብሎ የከሳን ሰው ማስራብ ጉዳት ብቻ ነው፤ የደም ስኳሩ ግን መለካት አለበት።

ጾምን በተመለከተ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለሕመምተኛ የሚያዝን ሥርዓት አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን 55ቱን ቀን ሁዳዴ ሳያጎድሉ የጾሙ እናት ወተት ቅመሱ ሲባሉ በልጆቻቸው ቃል ብቻ አይረኩም፤ የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ራሳቸው ቢነግሯቸው ግን ልባቸው ያርፋል። በይፋት በኩል ላሉ ሙስሊም ታማሚዎችም ስለ ረመዳን ሼኹን ማማከር እንዲሁ ይጠቅማል።

ጸበል መጠመቅና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ?

ይሄዳሉ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን በተመለከተ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለካንሰርም ይኸው ይሠራል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ለመሄድ የሚፈልግ ታማሚ መከልከል የለበትም። ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች ግን አሉ፤ መድኃኒቱን ከነማዘዣው ይዞ ይሂድ፣ ሞርፊኑንና የስኳር መድኃኒቱን አያቋርጥ፣ ኬሞቴራፒ በወሰደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰው ከሚበዛበት ቦታና ከቀዝቃዛ ጥምቀት ይቆጠብ። ጉዞውን ከሕክምናው ዙሮች መካከል ሰውነቱ ባገገመበት ሳምንት ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ሐኪሙን ቀኑን ጠይቁት።

በሽታው ምን እንደሆነ ለራሳቸው እንንገራቸው ወይስ እንደብቃቸው?

ብዙ ቤተሰብ ሐኪሙን ከበር ውጭ ጠርቶ «እባክህ እንዳትነግራቸው፣ ይሰበራሉ» ይላል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ማንም ሊንቀው አይገባም። እኔ ግን ድብቅነቱ ከሚያድነው የሚጎዳው ይበዛል እላለሁ። ታማሚው ልብሱ ሲሰፋበት፣ ልጆቹ ከአዲስ አበባና ከዐረብ አገር ድንገት ሲሰበሰቡ፣ ገብቶ የወጣው ሁሉ ዓይኑን ሲሸሽበት ነገሩን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ከማን ጋር ሊነጋገር እንደሚችል ብቻ ነው። ልጆቹ እንዳይሰበር ብለው ዝም ይላሉ፣ እሱም ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብሎ ዝም ይላል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ለየብቻው ያለቅሳል። ኑዛዜ መናዘዝ፣ ያበደረውንና የተበደረውን መናገር፣ የተጣላውን ማስታረቅ፣ ንስሐ መግባትና መቁረብ የሚፈልግ ሰው ጊዜው ማጠሩን ካላወቀ እነዚህ ሁሉ ያመልጡታል። ኬሞቴራፒም ቢሆን ለምን እንደሚሰጠው ሳያውቅ በትክክል ሊፈቅድ አይችልም።

ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ማፍሰስ ግን ሌላ ጭካኔ ነው። መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ይሻላል፤ ሐኪሙ ወይም የሚቀርበው ሰው «ጋሼ፣ የምርመራውን ውጤት በዝርዝር ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለታላቁ ልጅዎ ይነገር?» ብሎ ይጠይቀው። «ለልጄ ንገሩ» ካለ ምርጫው ነው፣ ይከበርለት፤ በሌላ ቀን ግን ደግሞ መጠየቅ ይቻላል። «እኔው ልስማ» ካለ በአጭር ቃል፣ ተቀምጦ፣ እጁን ይዞ መንገር፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ከዚያ በኋላ ሊነገረው የሚገባው ምን እንደሚደረግለት ነው፤ ሥቃዩ እንደሚታከም፣ ብቻውን እንደማይተው። ለትንንሽ ልጆችም «አያትሽ በጣም ታመዋል፣ ሐኪሞች እየረዷቸው ነው፣ አንቺ ያደረግሽው ነገር አይደለም» ማለት ከዝምታ ይሻላል።

ጠያቂ በዝቶ ታማሚው ይደክማል። ምን እናድርግ?

መጠየቅ ከባህላችን መልካም ነገሮች አንዱ ስለሆነ በሩን መዝጋት አይቻልም፣ አይገባምም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጠያቂዎችን ሳሎን ተቀብሎ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ለአጭር ጊዜ እንዲገቡ ቢያደርግ ማንም አይቀየምም። «እንዲህ ከሳህ!» ማለትንና እንዲሁ ታሞ የሞተ ሰው ታሪክ ማውራትን አስቀድሞ ማስቀረት ያስፈልጋል። በዚህ ካንሰር የድብርት ሕመም በብዛት ይታያል፤ ታማሚው ሰው ማየት ከጠላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከዋለ ይህ የባሕርይ ለውጥ ወይም ተስፋ መቁረጥ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል። አስታማሚዋም ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ሊተካት ይገባል።

ወጪውንና መንገዱን እንዴት እንወጣው?

የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ያለው ቤተሰብ አገልግሎቱ እንዲሸፈንለት ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀቱን ደረጃውን ጠብቆ ይዞ መሄድ አለበት፤ መሐል ላይ ዘሎ የሄደ ከኪሱ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል፣ የደብተሩ ዕድሳት ካለፈም እንዲሁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ቆላ ለሚነሣ ግን ጉዞው ለደከመ ሰው ከባድ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ስለነበር የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የደም ምርመራውና የሥቃይ መድኃኒቱ ክትትል በደብረ ብርሃን ሊሆን ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ፣ የስልክ ቀጠሮ መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። መንገድ በተደጋጋሚ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ የሁለት ሳምንት ተጨማሪ መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዲኖር ሁኔታው ተነግሮት ሐኪሙ ቢያዝ ይመረጣል።

እኛ ልጆቻቸው መመርመር አለብን?

ለአብዛኛው ቤተሰብ አያስፈልግም፤ ጤነኛ ሰውን በየጊዜው ለዚህ ካንሰር መመርመር ጥቅም እንዳለው አልታየም። አብዛኛው የቆሽት ካንሰር በዘር የመጣ አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የቅርብ ዘመዶች፣ ማለትም ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ በዚሁ ካንሰር ከታመሙ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቷ የጡት ካንሰር ወይም የእንቁልጢ ካንሰር የያዛት ሴት ካለች ግን ለሐኪሙ መናገር ይገባል፤ ሁለቱን የሚያገናኙ በዘር የሚተላለፉ የጂን ለውጦች አሉና፣ የታማሚውን የሕክምና ምርጫም ሊለውጡ ይችላሉ። የሚያጨስ ልጅ ያቁም። ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት ስኳር የጀመረውና ያለ ምክንያት የሚከሳ ወንድም ካለም የስኳር መድኃኒት ጀምሮ ብቻ እንዳይቀመጥ፣ የአባቱን ሕመም ለሐኪሙ ነግሮ ቆሽቱ ይታይለት።